ጓዳው ከኋላ የሆነ ትሬለር፦ ለወጡ አሪፍ ነው፣ ለመንገዱ ግን ቆይ

ሰሞኑን ትሬለር ሊገዛ ያሰበ ሀበሻ በዝቷል መሰለኝ። ቤተክርስቲያን ግቢም፣ ሰርግ ላይም፣ እንጀራ ልገዛ ሱቅ ስገባም የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ "ኪችኑ ኋላ የሆነው ይሻላል ወይስ መሃል ያለው?" ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ ባንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክለት ብዬ ነው።

እኛ ጋ ያለው ኪችኑ ኋላ የሆነው ነው። የመረጠችው ሚስቴ ናት፣ የምጎትተው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኛ ቤት ሁለት ፓርቲ አለ ማለት ነው። እሷን ብትጠይቋት "እሱን ትታችሁ ሌላ እንዳታዩ" ነው የምትላችሁ። እኔ ደግሞ ስራዬ ትራክ መንዳት ስለሆነ ማንኛውንም ተጎታች ሳይ መጀመሪያ አይኔ የሚሄደው ክብደቱ የት ጋ አርፏል የሚለው ላይ ነው። ሚገርመው ሁለታችንም ልክ ነን፣ እሷ ምታወራው ስለቆመ ትሬለር ነው፣ እኔ የማወራው ስለሚሄድ ትሬለር።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር፣ ትራቭል ትሬለር ማለት የራሱ ሞተር የሌለው፣ ፒካፕ ወይም ጠንከር ያለ ኤስዩቪ ኋላ ላይ ሂች (ማያያዣ) ኳሱ ላይ ተቆልፎ የሚጎተት ቤት ነው፣ አልጋው ሻወሩ ሽንት ቤቱ ምድጃው ሁሉ ውስጡ አለ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሰሩት ኢንዲያና ኤልክሃርት አካባቢ ነው፣ ስማቸው ይለያያል እንጂ ፋብሪካዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው። ሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ የምታዩዋቸው ፊደሎች ብዙ ጊዜ የውስጡን አቀማመጥ ነው የሚናገሩት፣ አርኬ ካለ ኪችኑ ኋላ ነው፣ አርቢ ካለ ባኞው ኋላ ነው፣ አርኤል ካለ ሳሎኑ ኋላ ነው፣ ቢኤች ካለ ደግሞ ለልጆች የሚሆን ተደራራቢ አልጋ አለው። አርኬ ላይ አልጋው ፊት ሂቹ ጋ ይሆንና ቀጥሎ ባኞ፣ መሃሉ ላይ ሶፋና ጠረጴዛ፣ ከዛ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ኪችን ይዘረጋል፣ ባብዛኛው ማለቴ ነው፣ የተለየም አለ።

በሚስቴ ፓርቲ ልጀምር።

መሃል ላይ ኪችን ያላቸውን ትሬለሮች አይታችሁ ከሆነ ሲንኩና ምድጃው ተጣብቀው በመሃላቸው አንድ ሰሃን ማሳረፊያ እንኳን የለም። ሽንኩርት የት ይከተፋል? ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ልጅ ሆምወርክ ዘርግቷል። ኪችኑ ኋላ ሲሆን ግን የትሬለሩን ወርድ በሙሉ ነው የሚጠቀመው፣ የአብዛኛው ወርድ ከውጭ 8 ጫማ አካባቢ ነው፣ በዛ ላይ ወደ ጎንም ታጥፎ የኤል ወይ የዩ ቅርጽ ስለሚይዝ በአንዱ ክንፍ እየከተፋችሁ በሌላው ትሪ መዘርጋት ትችላላችሁ። ሀበሻ ምግብ ለሚሰራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሆት ዶግ ጠብሶ ለሚበላ ሰው የትም ይሁን ምን ቸገረው፣ የኛ ቁሌት እኮ ብቻውን ስንት ያቆማል፣ ሽንኩርቱ ቀልቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ውሃ እየተረጨ፣ ያን ሁሉ ሰዓት የምትቆሙበት ቦታ ምቹ ካልሆነ ካምፒንግ መሄዱም ያስጠላል።

ደግሞ ማንም ከኋላችሁ አያልፍም። መሃል ያለ ኪችን ኮሪደር ማለት ነው፣ ሽንት ቤት የሚሄድ ያልፋል፣ አልጋው ጋ ስልኩን የረሳ ያልፋል፣ የፈላ ድስት ይዛችሁ ዞር ስትሉ ልጅ እግራችሁ ስር ነው። ኋላ ያለው ግን መጨረሻ ስለሆነ እዛ የሚመጣው ስራ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ቁራሽ እንጀራ የሚለቃቅምም ጭምር። መግቢያው በር ኪችኑ አጠገብ ከሆነ ውጭ ግሪል ላይ ያለውን ስጋ እያያችሁ ውስጥ ያለውን ድስት ማማሰል ይቻላል። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ሲንኩ በላይ ኋላው ግድግዳ ላይ ሰፊ መስኮት አለው፣ ሰሃን እያጠባችሁ ጫካውን ማየት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ያን ቦታ ለፍሪጅና ለካቢኔት ሰጥቶት ግድግዳ ታፈጣላችሁ፣ እሱን አይታችሁ ምረጡ።

ሽታው ደግሞ አለ። አልጋው ፊት ነው፣ ኪችኑ ኋላ ነው፣ በመሃላቸው ሙሉ ሳሎንና አንድ በር አለ። የቁሌት ሽታ ፍራሽ ውስጥ አንዴ ከገባ ምን አለፋችሁ አይወጣም፣ ትሬለሩን የምትሸጡት ቀን ገዢው ገና በሩ ላይ "ዋት ኢዝ ዛት?" ይላል። ኪችኑ አልጋው እግር ስር የሆነባቸው ትንንሽ ትሬለሮች ያላቸው ሰዎች ከቤት ውጭ ካልሆነ በርበሬ አይነኩም።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ቨርጂኒያ ያለው ሼናንዶዋ ፓርክ ይዘናት ሄደን ነበር። ጠዋት ዝናብ ስለነበረ ቡናው ውስጥ ይሁን ተባለ፣ በሩ ጋ ኪችኑ አፍ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ መቁላቱን ጀመረች፣ ቡናው ገና ቡኒ እያለ ነው ጣራው ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ጩኸቱን የለቀቀው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አለችኝ፣ ብረት ምጣዷን ግን ማመስ አላቆመችም፣ አቁማ ቡናው እንዲያርር ነው እንዴ። ምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ እየዞረ ነው ግን ጭሱ አይወጣም። ለካ ብዙዎቹ ትሬለሮች ላይ የዛ ማራገቢያ መውጫ በውጭ በኩል ትንሽ መዝጊያ አላት፣ መንገድ ላይ ንፋስ እንዳይከፍታት የምትቆለፍ፣ እሷን ከውጭ ካልከፈታችኋት ጭሱ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ውስጥ ወጥቼ ከፈትኳትና ጣራው ላይ ያለውን ፋን ወደ ውጭ እንዲስብ አዞርኩት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጠራ። ይሄ ኪችኑ ኋላና በር አጠገብ ሲሆን ነው እንዲህ የሚቀለው፣ ጭሱ መንገዱ አጭር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ከሰል ትሬለር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፣ ለጀበናውም ለእጣኑም ቢሆን፣ በር ከፍተናል መስኮት ከፍተናል አትበሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቤቷ ደግሞ ጠባብ ናት። ኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ አፍሉት። መሬቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን የጋዝ ጠቋሚ ደግሞ እንዳትነቅሏት፣ ፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው፣ ለዛ ነው እግራችሁ ስር ያደረጓት።

አሁን ወደኔ ፓርቲ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ ምክንያቱም ሴልስማኑ ይሄን አይነግራችሁም።

ትሬለር ቀጥ ብሎ እንዲከተላችሁ ከፈለጋችሁ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት የሚሆነው ሂቹ ላይ መጫን አለበት፣ ተንግ ዌይት ሚሉት እሱን ነው። ከዛ ካነሰ ትሬለሩ ኋላው ይከብድና በንፋስ ወይ ትራክ አጠገቡ ሲያልፍ ጭራው መወዛወዝ ይጀምራል፣ ፍጥነት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ውዝዋዜው ራሱን እያሳደገ ሄዶ መኪናውንም ይዞት ይዞራል። ኪችን ደግሞ ከቤት እቃ ሁሉ ከባዱ ነው፣ ፍሪጅ፣ ኦቨን፣ ማይክሮዌቭ፣ ካቢኔት፣ ያ ሁሉ ከአክስሉ (ጎማዎቹን ከሚይዘው ብረት) ኋላ ተቀምጧል። ፋብሪካው ይሄን ያውቃል፣ አክስሉን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያካክሰዋል፣ ስለዚህ ሻጩ ግቢ ባዶውን ሲቆም ሚዛኑ ደህና ነው። ችግሩ የሚመጣው እኛ ከሞላነው በኋላ ነው።

በቁጥር እንየው። ከሂቹ እስከ አክስሎቹ መሃል 16 ጫማ ነው እንበል፣ የኪችኑ ካቢኔት ደግሞ ከአክስሉ 9 ጫማ ኋላ ነው። እዛ ካቢኔት ውስጥ 200 ፓውንድ እቃ ብትጨምሩ 200 ሲባዛ በ9፣ ሲካፈል ለ16፣ ወደ 110 ፓውንድ ከሂቹ ላይ ያነሳል። 200 ፓውንድ ይበዛል ካላችሁ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ባለ 25 ፓውንድ ጤፍ ዱቄት፣ ሁለቱ ብረት ድስት፣ ዘይቱ፣ ቅቤው፣ የጣሳ ቲማቲሙ፣ ባለ 40 ጠርሙስ ውሃው ብቻውን 44 ፓውንድ ነው፣ ደግሞ ሰሃንና ብርጭቆው፣ ሚስቴ የምትጭነውን አይቼ ነው የምናገረው። ከመጫኑ በፊት ትሬለሩ 6,400 ፓውንድ ሆኖ ሂቹ ላይ 700 ነበር ካልን 11 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ አሪፍ። ከተጫነ በኋላ 6,600 ሆኖ ሂቹ ላይ 590 ይቀራል፣ 9 ፐርሰንት ገባ። በዛ ላይ የኪችኑ የቆሻሻ ውሃ ታንክ ሞልቶ ከሄዳችሁ ደግሞ 30 ጋሎን ማለት 250 ፓውንድ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከአክስሉ ኋላ ነው የሚቀመጠው፣ 7 ጫማ ኋላ ቢሆን ሌላ 110 ያነሳላችኋል፣ 480 ለ6,850፣ 7 ፐርሰንት! እንግዲህ በዚህ አይነት ሀይዌይ ላይ ወጥታችሁ ነው "ኸረ ይሄ ነገር ምን ነካው" የምትሉት።

ትራክ ለምንነዳ ሰዎች ይሄ አዲስ አይደለም። ሎድ አንስተን ሚዛን ላይ ስንወጣ ፊት ጎማዎቹ ላይ 12,000 ፓውንድ፣ ድራይቭ (የትራኩ የኋላ ጎማዎች) ላይ 34,000፣ ትሬለሩ ጎማዎች ላይ 34,000 ነው ሂሳቡ፣ አንዱ ጋ ከበዛ ፒኑን ነቅለን ታንደሙን (የትሬለሩን ጎማዎች) ወደፊት ወይ ወደኋላ ገፋ አድርገን እናስተካክላለን፣ ጭነቱን አንነካም። የቤት ትሬለር ላይ ግን አክስሉ የተበየደ ነው፣ የትም አይሄድም፣ መንቀሳቀስ የሚችለው ሽሮው ብቻ ነው! ስለዚህ ከባድ ከባዱን እቃ ፊት አልጋው ስር ያለው ሻንጣ ክፍል ውስጥ ወይ ፒካፑ ላይ አድርጉት፣ ካምፕ ቦታው ስትደርሱ ወደ ካቢኔቱ ታስገቡታላችሁ። እኛ ውሃውንና ዱቄቱን መኪናው ላይ ነው የምንጭነው፣ ድስቶቹን ፊት፣ ካቢኔቱ ውስጥ የሚቀሩት ቀላል ነገሮች ናቸው። ሚስቴ መጀመሪያ "ታዲያ ካቢኔቱ ምን ሊያደርግልኝ ነው" ብላ ነበር፣ ካቢኔቱ ካምፕ ቦታው ለደረስን ጊዜ ነው።

ኋላ መከላከያው ላይ ሳይክል መስቀል ደግሞ አለ። እሱ ከኪችኑም ኋላ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል፣ ያ አራት ማዕዘን መከላከያ ራሱ ስስ ብረት ነው፣ ውስጡ የሽንት ቤት ማፍሰሻ ቱቦ ለማስቀመጥ እንጂ ሸክም ለመሸከም የተሰራ አይመስልም። ሳይክሉን ፒካፑ ላይ አድርጉ።

በአይን አትገምቱ፣ ሚዛን ላይ አውጡት። ትራክ ስቶፕ ላይ ያለው ካት ስኬል ለትራክ ብቻ አይደለም፣ ማንም መመዘን ይችላል። ሙሉ ጭናችሁ፣ ቤንዚን ሞልታችሁ፣ ቤተሰቡ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጀመሪያ ከነትሬለሩ ትወጣላችሁ፣ ዌይት ዲስትሪቢውሽን የሚባለው፣ የሂቹን ሸክም የሚያከፋፍለው ብረት ካላችሁ ለዚህ ጊዜ አላቁት። ከዛ ትሬለሩን ፓርኪንግ ላይ ፈታችሁ መኪናውን ብቻ ትመዝናላችሁ፣ ሁለተኛው ሚዛን በዛው ቀን ከሆነ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ከትሬለሩ ጋር ሲሆን የመኪናው ሁለት አክስል የተሸከመው፣ ሲቀነስ መኪናው ብቻውን ሲሆን የነበረው፣ ልዩነቱ ተንግ ዌይታችሁ ነው። በቃ። ትራክ ስቶፕ ያሉት ሾፌሮች ቢያፏጩባችሁ አይግረማችሁ፣ ቶሎ ልቀቁላቸው ብቻ፣ እኛ ሰዓታችን እየሄደ ነው።

ድንገት መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬኑን በእግራችሁ አትርገጡ፣ መሪውንም አትታገሉ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርጋችሁ የብሬክ ኮንትሮለሩን (ከሹፌሩ አጠገብ ሆኖ የትሬለሩን ፍሬን የሚያዘውን) ማንሻ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት፣ ትሬለሩን ብቻ ይዞ ቀጥ ያደርገዋል። ያቺ ማንሻ የት እንዳለች ሳታዩ እጃችሁ እንዲያገኛት ፓርኪንግ ላይ ተለማመዱ። ከኛ ሰፈር ወደ ተራራው ሲኬድ አይ 81 ሀይዌይ ላይ ትወጣላችሁ፣ እዛ ደግሞ ያለው ትራክ ነው፣ ሰኞ ሰኞ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፣ አጠገባችሁ ሲያልፍ መጀመሪያ አየሩ ይገፋችኋል ከዛ ይስባችኋል፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ትሬለር ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፣ ኋላው የከበደ ግን እዛ ጋ ነው ራሱን የሚያጋልጠው።

ኋላ መሆኑ ሌላም ጣጣ አለው፣ መናጥ። ትሬለር ላይ የመጨረሻው ጫፍ ነው ከሁሉ የበለጠ የሚዘለው፣ ኪችኑ ደግሞ እዛ ጫፍ ላይ ነው። ሼናንዶዋ ውስጥ ያለው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ገደቡ 35 ስለሆነ ቀስ ተብሎ ነው የሚኬደው፣ ግን እዛ ለመድረስ የመጣችሁበት ሀይዌይ አለ። አንዴ እይታ ቦታ ላይ ቆመን በሩን ስከፍት ወለሉ በሙሉ ሽሮ ነው፣ ካቢኔቱ ተከፍቶ የፕላስቲኩ እቃ በግንባሩ ወርዷል፣ አንድ ሽንኩርት ተንከባሎ ባኞ ገብቷል፣ ሲንኩ ውስጥ ያስቀመጥነው እንቁላል ግን አንዱም አልተሰነጠቀም። ከዛ ወዲህ የልጆች መቆለፊያ ለካቢኔቶቹ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተወጥሮ የሚቆም ዘንግ፣ የማይክሮዌቩ መስታወት ሳህን ወጥቶ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጀበናዋ አልጋ ላይ ትራስ መሃል። እንቁላሉ አሁንም ሲንክ ውስጥ። ሲንኩ ስር ያለውን የቧንቧ መገጣጠሚያም በየጉዞው በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት፣ ያ ሁሉ መናጥ ቀስ በቀስ ያላላዋል፣ ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመረ ወለሉ እንጨት ስለሆነ ሳታውቁት ይበሰብሳል።

የውሃው ነገር፣ ባኞው ፊት ኪችኑ ኋላ ስለሆነ ብዙዎቹ ላይ ሁለት የተለያየ የእጥበት ውሃ ታንክ ነው ያለው፣ ጥሩ ጎኑ ሰሃን የሚያጥበው ሰው ሻወር የሚወስደውን አይሻማም፣ መጥፎው ማፍሰሻ ቫልቩም ሁለት ይሆናል፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይማ አፎቹ ተራርቀው ስለተሰሩ አንዱን አፍስሳችሁ ትሬለሩን ወደፊት ነቅነቅ አድርጋችሁ ሌላውን ታፈሳላችሁ፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ይዞ የሚጠብቅ ሰው እያየ። ሼናንዶዋ ውስጥ ካምፕ ቦታዎቹ ላይ የመብራትም የውሃም ማገናኛ የለም፣ ያላችሁት በታንካችሁ ነው፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ ቦታ ላይ ግን ማፍሰሻ ጣቢያ አለ፣ ከተራራው ከመውረዳችሁ በፊት የኪችኑን ታንክ እዛ ባዶ አድርጉት፣ ቅድም ያልኩት ሂሳብ ትዝ ይበላችሁ። ውሃ ማሞቂያው ደግሞ ፊት ከሆነ ሙቁ ውሃ ኪችን እስኪደርስ ቀዝቃዛው ይፈሳል፣ እኛ በማንቆርቆሪያ እንቀበለውና ለቡና ይሆናል። ክረምት ላይም ከማሞቂያው የሚርቀው ጥግ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ቶሎ የሚያሰጋው የኪችኑ ቧንቧ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከኖቬምበር በኋላ የማትጠቀሙበት ከሆነ ለቧንቧ የተሰራውን ሮዙን አንቲፍሪዝ (እንዳይቀዘቅዝ የሚከላከል ፈሳሽ) አስገቡበት።

ምጣድ! ይሄን የሚጠይቁኝ ሰዎች ናቸው የሚበዙት እና ረስቼው ነበር። አብዛኛው ትሬለር 30 አምፕ ነው፣ 30 በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው ሁሉ ነገራችሁ። የእንጀራ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፣ ኤሲው ሌላ 1,500 ገደማ፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 1,400፣ ሶስቱ ባንድ ላይ አይሆኑም፣ መሃል ላይ ጠፍቶ እንጀራው ምጣዱ ላይ አይን ሳያወጣ ይቀራል። መፍትሄው እንዲህ ነው፣ የመብራት ማገናኛ ያለው ካምፕ ቦታ ላይ ያለው ምሰሶ ብዙ ጊዜ ከ30ው ሌላ ለብቻዋ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አላት፣ ወፍራም ኤክስቴንሽን ሰክታችሁ ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ከትሬለሩ መብራት ጋር ግንኙነት የለውም። እንፋሎቱም ውጭ ይቀራል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ እንጀራው ከሱቅ ተገዝቶ ቢሄድ ነው የምመርጠው፣ ሚስቴ በዚህ አትስማማም።

ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ከሆናችሁ አርኬ ብዙም አይመቻችሁም። ኋላው በኪችን ስለተያዘ ተደራራቢ አልጋ የሚገባበት ቦታ የለም፣ ልጆቹ ማታ ማታ ጠረጴዛውን አጥፈው ሶፋውን ዘርግተው ነው የሚተኙት፣ ጠዋት ሁሉም ካልተነሳ ቁርስ የለም። ለነሱ ቢኤች የሚለው ይሻላል፣ እዛ ላይ ውስጥ ያለው ኪችን መሃል ቢሆንም ብዙዎቹ በጎን በኩል ከውጭ የሚከፈት ትንሽ ኪችን አላቸው፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ፣ ቁሌቱን እዛ ማቁላላት ነው። ድብ ያለበት ጫካ ከሆነ ብቻ ምግብ ውጭ ትታችሁ አትግቡ። ሁለት ሰው ወይም ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ ጋር ከሆናችሁ፣ እንግዳም የምትወዱ ከሆነ አርኬ። ነጠላ አክስል ያለው አርኬ ግን እኔ አልገዛም፣ ቢሰጡኝም አስብበታለሁ፣ ሁለት አክስል ይሁን።

ከሜሪላንድ ወደ ሰሜን ለምትሄዱ ደግሞ ከኪችኑ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር። ምድጃው የሚሰራው ፊት በተቀመጡት ሁለት ባለ 20 ፓውንድ ፕሮፔን ነው፣ ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ ፎርት ማክሄንሪና ሃርበር ተነል፣ ያን መጠን ፕሮፔን አያሳልፉም። ድሮ በኪ ብሪጅ ነበር የሚዞረው፣ እሱ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ፣ ስለዚህ ባልቲሞርን የሚዞረውን 695 ሀይዌይ በምዕራብ በኩል ዞራችሁ ነው የምታልፉት። የስልክ ናቪጌሽን ይሄን አይነግራችሁም፣ ቀጥ አድርጎ ዋሻው አፍ ላይ ነው የሚያደርሳችሁ።

ሻጩ ግቢ ስትሄዱ እንግዲህ በሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያለችውን ቢጫ ወረቀት አንብቡ፣ ምን ያህል መጫን እንደሚፈቀድ እሷ ላይ ነው ያለው፣ ብሮሹሩ ላይ ያለው የሂች ክብደት የባዶው ነው። ከጎን ቆማችሁ አክስሉ የት ጋ እንዳለ እዩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ማፍሰሻ ቫልቮቹን ቁጠሩ። ምግብ የሚሰራው ሰው ሲንኩ ጋ ይቁም፣ ሌላው ይለፍበት፣ ካቢኔቶቹን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ጥግ ላይ ያለው ካቢኔት እጃችሁ እስከ መጨረሻው ይደርስ እንደሆነ ሞክሩ። ከሁሉም በላይ ስላይዱን (ስትቆሙ ወደ ጎን የሚወጣውን ክፍል) ዝጋልን በሉት፣ ዘግቶት ፍሪጁ ይከፈታል ወይ? ባንዳንዱ ላይ የሶፋው ስላይድ ሲገባ ኪችኑ ጋ መድረሻ የለም። የኛው ሴልስማን "ስላይዱ ተዘግቶ ፍሪጅ የሚከፍት ማነው?" ብሎ ሳቀ፣ ሚስቴ "አይ 81 ላይ ልጄ የራባት ቀን ማነው የሚከፍተው?" አለችውና እስኪዘጋው ድረስ እጇን አጣምራ ቆመች።